ይሉኝታ የዘጋው ቧንቧ፦ ቤት ከመግዛት በፊት ሙቅ ውሃውን ስለ መመርመር

ባልና ሚስቱ ቤቱን ያዩት በ2021 የጸደይ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በ1987 የተሠራ ታውንሃውስ ነው። ባል ለአሥራ አራት ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ ሚስት በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ለቅድሚያ ክፍያ የያዙት ገንዘብ የሁለት ዙር ዕቁብ፣ የብዙ ዓመት የትርፍ ሰዓት ሥራና ለሦስት ዓመት አገር ቤት ሳይሄዱ የቆዩበት ነው።

መኝታ ቤቶቹን ቆጠሩ። ረከቦቱ ሳሎን ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ተነጋገሩ። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አሰሉ። ወጥ ቤት ሲገቡ ሚስት ቧንቧውን ልትከፍት እጇን ዘረጋች። ባል በዓይኑ ጠቀሳትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተይ እንጂ፣ የሰው ቤት ነው!» አላት። እሷም እጇን ሰበሰበች። በዚያ ዓመት ለአንድ ቤት ብዙ ገዢ ይሻማ ስለ ነበር፣ ኤጀንታቸው «ኢንስፔክሽን ካልተዋችሁ ቤቱን አታገኙትም» አላቸው። ተዉት። ፈረሙ፤ ቁልፉን ተረከቡ፤ ጸበል ተረጨ፤ ወዳጅ ዘመድ ተጠርቶ ቤቱ ተመረቀ።

በማግሥቱ ዓመት ጥር ወር፣ ሚስት ሥራ ላይ ባለችበት ሌሊት፣ ከወጥ ቤቱ ኮርኒስ በላይ ሙቅ ውሃ የሚያስተላልፈው ግራጫ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተሰነጠቀ። ባል በድምፁ ባኖ ሲወርድ ኮርኒሱ ምድጃው ላይ ወድቆ፣ ውሃው እንደ ክረምት ጎርፍ ወደ ሳሎን እየገባ አገኘው። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ አያውቅም። ጎረቤት ቀስቅሶ እስኪያዘጋ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ኢንሹራንሱ ኮርኒሱንና ወለሉን ከፈለ፤ የተሰነጠቀውን ቧንቧ ግን አልከፈለም። ሊጠግን የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ የኮርኒሱን ቀዳዳ በባትሪ አብርቶ አየና፣ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር በሙሉ ተነቅሎ በአዲስ ካልተተካ ነገም ሌላው እንደሚፈነዳ ነገራቸው። ሒሳቡ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ዕቁባቸው ውስጥ ተራ የደረሰውን ሰው ለምነው፣ ዕጣ ተለዋውጠው ከፈሉት።

ጉዳዩን የባሰ የሚያሳዝነው፣ በቤዝመንት ውስጥ ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ አንድ ክንድ የሚሆን ግራጫ ቧንቧ ከመጀመሪያውም በግልጽ ይታይ የነበረ መሆኑ ነው። በላዩ ላይም ጽሑፍ አለበት። ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

መቼም ሐበሻ በሰው ቤት ገብቶ ድስት አይከፍትም፤ ጓዳ አያይም። የተቀመጠበት ወንበር ቢነቃነቅ እንኳ እንዳልተነቃነቀ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው። ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚፈርም ሰው በዚያች ቅዳሜ እንግዳ አይደለም። ፈረንጁ ሻጭ ገዢ ቧንቧ ሲከፍት፣ ሽንት ቤት ሲለቅ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በባትሪ ሲያይ አይገረምም፤ እንዲያውም ይጠብቃል። የሚያፍረው ገዢው ብቻ ነው። ሻጩ የሚደራደረውም፣ ዋጋ የሚቀንሰውም፣ የሚጠግነውም ፊርማው እስኪቀመጥ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ቧንቧው የገዢው ነው።

ከሁሉም ነገር ለምን ሙቅ ውሃ ተመረጠ ቢባል ምክንያት አለው። ጣሪያ ከመንገድ ይታያል፤ ወለል በእግር ይረገጣል። ሙቅ ውሃ ግን ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ሙቀትም ብረቱን ያዝገዋል፣ ፕላስቲኩን ያስረጀዋል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ማዕድን ያረጋዋል። ስለዚህ የቤቱ ቧንቧ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው የሙቁ መስመር ነው።

የባልና ሚስቱ ቤት የነበረው ፖሊቢዩትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከ1978 እስከ 1995 ድረስ በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ገብቷል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በብዛት ከገባባቸው ውስጥ ናቸው። ከመዳብ ይረክሳል፤ ለመግጠምም ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ሲሆን፣ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ «ፒቢ 2110» የሚል ምልክት በላቲን ፊደል ይታተምበታል። በከተማ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ፕላስቲኩንና መጋጠሚያዎቹን ከውስጥ በኩል ቀስ በቀስ አድርቆ ይሰነጥቃቸዋል። ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ አምራቾቹ በ1995 ቢያንስ 950 ሚሊዮን ዶላር ለካሳ ለማዋል ተስማምተዋል። የካሳው ጊዜ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቧንቧው ግን በብዙ ቤት ውስጥ እንዳለ ነው። ይህ ቧንቧ ያለበትን ቤት አንሸፍንም የሚሉ የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ስላሉ፣ ከመፈረም በፊት ኢንሹራንሱን መጠየቅ ብልህነት ነው።

ቶሮንቶና ላስ ቬጋስ ያሉ አንባቢያን ደግሞ ኪቴክ የሚለውን ስም ቢያውቁት ይበጃቸዋል። ይህ በመካከሉ አሉሚኒየም ያለበት ፕላስቲክ ሲሆን ከ1995 እስከ 2007 ተሸጧል። ብዙ ጊዜ ብርቱካናማው የሙቅ፣ ሰማያዊው የቀዝቃዛ ውሃ ነው። የነሐስ መጋጠሚያዎቹ ከውስጥ እየተበሉ መስመሩን ይደፍኑታል ወይም ያፈሳሉ፤ ሙቁም ከቀዝቃዛው ይቀድማል። በካናዳና በአሜሪካ ለተጎዱ ሰዎች 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የካሳ ገንዘብ ተመድቦ ነበር፤ ጥያቄ የማቅረቢያው ጊዜ በ2020 መጀመሪያ ተዘግቷል። በዛሬ ጊዜ በአዳዲስ ቤቶች የሚገጠመው ፔክስ የተባለው ፕላስቲክም ቀይና ሰማያዊ ስለሆነ፣ ቀለም ብቻ አይቶ መደንገጥም ሆነ መረጋጋት አይገባም። የሚያዋጣው በቧንቧው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ማንበብና በስልክ ፎቶ አንስቶ ለባለሙያ ማሳየት ነው።

ሚስት ከዚያች ሌሊት በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። ታናሽ ወንድሟ በ2023 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1952 የተሠራ የጡብ ቤት ሊገዛ ሲነሳ፣ «እኔ ሳላየው አትፈርምም» አለችው። ወንድሟም፣ ኢንስፔክተር ካልመረመረው ከውሉ በነፃ መውጣት እችላለሁ የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገባ። ቤቱን ሊያዩ የሄዱ ቀን የያዘችው የእጅ ባትሪ፣ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ያነሳችው ማግኔትና አንድ ነጭ ስኒ ነው። ስኒው ሲታይ ወንድሟ ሳቀ።

ቤቱ ባዶ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃው፣ ጋዙና መብራቱ መከፈታቸው ነው። ተዘግቶ የቆየ ቤት ዝም ይላል፤ ምንም አይናገርም። ውሃው ሳይከፈት የተደረገ ምርመራም ምርመራ አይባልም። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ለወራት ተኝቶ የቆየው ውሃ በደንብ እስኪወርድ መልቀቅ ያሻል፤ የሳምባ በሽታ የሚያመጣው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚራባው እንዲህ ባለ ረግቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ከውሃ ማሞቂያው በጣም ወደሚርቀው መታጠቢያ ቤት መሄድ ነው። በግራ በኩል ያለውን ከፍቶ መቁጠር። በአሜሪካ ሙቁ በግራ ነው፤ በቀኝ ከመጣ ሙያ የሌለው ሰው እጁን አግብቶበታል ማለት ነውና ሌላውንም ሥራ መጠርጠር ይገባል። ሙቁ እስኪመጣ ጥቂት መቆየቱ ያለ ነው። ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ግን፣ በየቀኑ ያ ሁሉ ውሃ ወደ ፍሳሽ እንደሚሄድና ሒሳቡ በገዢው ስም እንደሚመጣ ከአሁኑ ማወቅ ነው።

ነጩ ስኒ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሙቁን በስኒ ቀድቶ ማየት፤ ከዚያ ቀዝቃዛውን። ሙቁ ብቻ የዝገት ቀለም ካለው በሽታው ከማሞቂያው ታንክ ወይም ከሙቁ መስመር ነው። ሁለቱም ከቀሉ ወይ የቤቱ ቧንቧ በሙሉ አርጅቷል፣ ወይም ከመንገድ የሚመጣው ነው። ሙቁ ብቻ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ታንኩን ከዝገት እንዲጠብቅ ውስጡ የተቀመጠው የማግኒዚየም ዘንግ ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚጠገን ስለሆነ ቤት አያስተውም።

የውሃውን ኃይልም ማወዳደር ነው። ቀዝቃዛው እየተንፎለፎለ ሙቁ እንደ ክር ከቀጠነ ነገር አለ። ሻወሩን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን አንድ ላይ ከፍቶ፣ ሽንት ቤቱን ለቆ፣ ሻወሩ ምን ያህል እንደሚቀንስ ማየት። ሻወሩን ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ እንደ ተከፈተ መተው ታንኩ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ይናገራል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብዙዎቹ ሁለት ማሞቂያ ስላላቸው የታችኛው ቢቃጠልም ውሃው መጀመሪያ ይሞቅና ቶሎ ለብ ይላል፤ ለአፍታ ብቻ ከፍቶ «ይሞቃል» ብሎ የሄደ ሰው ይህን አያገኘውም። አራትና አምስት ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ በዚያ ላይ ለበዓል አሥር እንግዳ ለሚያሳድር ቤት፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በወንድሟ ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ቀዝቃዛው በኃይል ሲመጣ ሙቁ ቀጠነ። ወደ ቤዝመንት ሲወርዱ ግን የሚያብረቀርቅ አዲስ የመዳብ ቧንቧ አገኙ። ኤጀንቱ «ይኸው፣ ሁሉም ታድሷል» አለ። እሷ ግን ማግኔቷን ይዛ ቧንቧው ወደ ግድግዳው የሚገባበትን ቦታ ተከተለች። መዳብ ማግኔት አይስብም። ኮርኒሱ ሥር ሲደርስ ማግኔቱ ጥብቅ አለ። የታደሰው የሚታየው ብቻ ነበር፤ ከግድግዳው ውስጥ ያለው በ1952 የገባው ብረት ነው።

ይህ ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ እስከ 1960 ገደማ ድረስ የተለመደ ነበር። ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም እያበጠ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። በተለይ የሙቁ መስመር ከቀዝቃዛው ቀድሞ ይደፈናል። መዳብና ብረት በቀጥታ ሲገናኙ ደግሞ በመጋጠሚያው ላይ ያለው ብረት በፍጥነት ይበላል፤ ስለዚህ ግማሽ እድሳት አንዳንድ ጊዜ ካለመታደስ ይብሳል። በመዳብ ላይ የሚታይ አረንጓዴ እድፍም ያፈሰሰ ወይም በማፍሰስ ላይ ያለ ቦታን ያመለክታል።

ስለ አሮጌ ቤት ከተነሳ፣ በሐበሻ ቤት ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ። እርሳስ ያለበት ቧንቧና የቧንቧ ብየዳ በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ መስመር የተከለከለው በ1986 ነው። ከዚያ በፊት መዳብ ከመዳብ የሚበየድበት ቅይጥ እስከ ግማሽ ድረስ እርሳስ ነበር። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ይልቅ እርሳስን ያሟሟል። ቡናው ቶሎ እንዲፈላ ጀበናውን፣ ሽሮው ቶሎ እንዲሠራ ድስቱን ከሙቁ ቧንቧ የሚሞሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ የሕፃን ወተት የሚበጠብጡም አሉ። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ለመጠጥ፣ ለምግብና ለሕፃን ወተት ቀዝቃዛውን ብቻ ተጠቀሙ የሚለው ለዚህ ነው። ማፍላት እርሳስን አያጠፋውም። ዋሽንግተን ከተማ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች፦ በ2000 መጨረሻ የውሃው ማከሚያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተለውጦ፣ ከ2001 እስከ 2004 በብዙ ቤቶች የእርሳሱ መጠን አሻቅቦ ነበር። ሕዝቡ በሰፊው የሰማው በ2004 መጀመሪያ ላይ ነው። ከመንገድ የሚገባው ቧንቧ ለስላሳና ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ፣ በሳንቲም ሲፋቅ እንደ ብር ካበራና ማግኔት ካልያዘው እርሳስ ነው። ውሃውን ማስመርመር ደግሞ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ማሞቂያው። በአዲስ አበባ ቦይለር የሚባለው፣ እዚህ ቤዝመንት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆመው ረጅም ታንክ ማለት ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የቤቱን ያህል ታሪክ ይናገራል። ስንት ጋሎን እንደሚይዝና መቼ እንደ ተሠራ እዚያ አለ፤ ቀኑ በግልጽ ካልተጻፈም በሴሪያል ቁጥሩ ውስጥ ተደብቋልና በአምራቹ አቆጣጠር መፍታት ይቻላል። ታንክ ያለው ማሞቂያ በአማካይ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያገለግላል። የወንድሟ ቤት ታንክ በ2006 የተሠራ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነበር። እንዲህ ያለው ዛሬ ቢሠራም ነገ ይሄዳል፤ ሲሄድም ቀስ ብሎ ሳይሆን ሥሩ ተበስቶ ነው።

ሥሩ ላይ ዝገት፣ ወለሉ ላይ የደረቀ የውሃ ምልክት፣ ሲሞቅ እንደሚንተከተክ ድስት የሚያሰማው ጉርምርምታ (ይህ ከታች የተጠራቀመ አሸዋና ኖራ መሰል ዝቃጭ ነው)፣ እነዚህ ሁሉ የእርጅና ምልክቶች ናቸው። ታንኩ ላይኛው ፎቅ ወይም ጣሪያ ሥር ከቆመ፣ ከሥሩ ውሃ የሚቀበልና ወደ ውጭ የሚያፈስ ሳህን መኖሩን ማየት ግድ ነው።

በታንኩ ጎን ወይም አናት ላይ የመዳብ ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ወደ ታች የሚወርድበት ትንሽ መዝጊያ አለ። ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ በቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ግን ከዚህ የሚበልጥ ሕይወት አዳኝ ጥቂት ነው። ታንኩ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም 210 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ፣ ወይም ግፊቱ በካሬ ኢንች 150 ፓውንድ ሲሆን ራሱ ተከፍቶ ያስተነፍሳል። ይህ መተንፈሻ የተዘጋበት ታንክ ቦምብ ነው፤ ጣሪያ በስቶ የወጣበት ጊዜም አለ። አንዳንድ የቤት ባለቤት መተንፈሻው ሲንጠባጠብ ሰልችቶት ጫፉን በክዳን ይደፍነዋል። እንዲህ ተደርጎ የተገኘ ቤት ውስጥ ሌላው ሥራ እንዴት እንደ ተሠራ መገመት አያስቸግርም። ቱቦው ወደ ታች ወርዶ ከወለሉ በላይ ጥቂት ኢንች ላይ ክፍት ሆኖ ማለቅ አለበት። የመዝጊያውን እጀታ ግን ገዢው ራሱ እንዳያነሳው፤ አሮጌ ከሆነ ተመልሶ ላይዘጋ ይችላል።

የቤቱ የውሃ ግፊት በካሬ ኢንች ከ80 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። መለኪያው በሃርድዌር መደብር በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ በውጭ በኩል በአትክልት ማጠጫው ቧንቧ ላይ ይገጠማል። ግፊቱ የሚበዛበት ቤት ታንኩም፣ መጋጠሚያውም፣ ልብስ ማጠቢያውም ዕድሜያቸው ያጥራል።

ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ከውሃው ይልቅ ጭሱ ያሰጋል። ከአናቱ የሚወጣው የጭስ ማውጫ ወደ ላይ እያዘነበለ መሄድ አለበት፤ ከተሰበረ፣ ከዛገ ወይም ወደ ታች ከጎበጠ፣ ወይም ታንኩ አናት ላይ ያሉት የፕላስቲክ ቀለበቶች ከቀለጡ፣ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ቤት እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። ኢንስፔክተሮች ማሞቂያው ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚጨስ የዕጣን ዘንግ ወደ ጭስ ማውጫው አፍ ያስጠጋሉ። ጭሱ ወደ ላይ ከተሳበ ደህና ነው፤ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ አይደለም። በዚህ ሙከራ ሐበሻ ማንንም ዕጣን አይለምንም! የጋዝ ሽታ ካለ ግን እሳት መለኮስ ሳይሆን ከቤት ወጥቶ ጋዝ ድርጅቱን መጥራት ነው።

የሙቀቱን ልክም አለማየት አይቻልም። የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን 120 ዲግሪ ፋራናይት ይበቃል ይላል። በ140 ስድስት ሰከንድ፣ በ150 ሁለት ሰከንድ ብቻ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። አንዳንድ ሻጭ የደከመ ታንክ ጠንካራ እንዲመስል ቁልፉን ወደ ላይ አዙሮ ይጠብቃል። ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አያት ያለው ሰው ይህን በመጀመሪያው ቀን ያስተካክል።

ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው ጉዳይ ጥቂት ይለያል። ማሞቂያው የሕንፃው ከሆነ የሚመረመረው ወረቀቱ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ሲፈነዳ ከፋዩ ማኅበሩ ነው ወይስ ባለቤቱ፣ ለጥገና የተጠራቀመ ገንዘብስ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ።

ሕጉን በተመለከተ የሦስቱ አካባቢ ነዋሪ ልዩነቱን ልብ ይበል። ቨርጂኒያ «ገዢ ሆይ ተጠንቀቅ» የሚባልበት ግዛት ነው፤ ሻጩ ስለ ቤቱ ሁኔታ ብዙ የመናገር ግዴታ የለበትም። ሜሪላንድ ሻጩ ሁለት ምርጫ አለው፦ ወይ የሚያውቀውን ጉድለት ዘርዝሮ መግለጽ፣ ወይ ቤቱን እንዳለ እሸጣለሁ ብሎ መፈረም። ሁለተኛውን ቢመርጥ እንኳ በዓይን የማይታይ ጉድለት የሚያውቅ ከሆነ መናገር አለበት። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ሻጩ የመግለጫ ወረቀት ሞልቶ ይሰጣል። ነገር ግን የትኛውም ወረቀት ሻጩ የማያውቀውን አይናገርም። ኢንስፔክተርም ቢሆን የሚያየው የሚታየውን ነው፤ ግድግዳ አይሰብርም። ምርመራው በሚደረግበት ሰዓት ገዢው አብሮ መገኘቱና መጠየቁ ሪፖርቱን በኋላ ከማንበብ እጅግ ይበልጣል። ኤጀንቱ ራሱ ያመጣውን ኢንስፔክተር መያዝ ክልክል ባይሆንም፣ ሽያጩ ካላለቀ ኤጀንቱ እንደማይከፈለው የሚያስታውስ ሰው የራሱን ይፈልጋል።

ወንድምየው የቅጠሩን ኢንስፔክተር ሪፖርት ይዞ ለድርድር ተቀመጠ። የግድግዳው ብረት በሙሉ እንዲቀየር የቧንቧ ሠራተኛ ዋጋ በጽሑፍ አስወጥቶ አቀረበ። ሻጮቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ኤጀንታቸውም «ሌላ ገዢ አለን» አለ። ወንድም ሊለሳለስ ሲል እህቱ «ይሂድ ሌላው ገዢ፣ እኔ ኮርኒስ ምድጃ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ» አለችው። አራት ቀን ዝም ተባለ። በአምስተኛው ቀን ሻጮቹ አዲስ ማሞቂያ ሊያስገቡና ለቧንቧው ከጠየቀው ገንዘብ ግማሹን ከዋጋው ሊቀንሱ ተስማሙ። የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም። ግን ቤቱን ሲገዛ የሚጠብቀውን ሥራ አውቆ፣ ገንዘቡንም ለይቶ ነው።

ርክክቡ በተደረገበት ጠዋት፣ ከመፈረማቸው አንድ ሰዓት በፊት ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩ ገቡ። እህት ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ በግራ በኩል ያለውን ከፈተችና መቁጠር ጀመረች። የሻጮቹ ኤጀንት ሰዓቱን ያያል። ከሁለት ዓመት በፊት «ተይ እንጂ፣ የሰው ቤት ነው» ያላት ባሏ ቤዝመንት ውስጥ ሆኖ፣ በአዲሱ ታንክ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በባትሪ እያበራ ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር።